ጎር 13 ሰው መልሶም ተሸነፍን፤ ስለ ፊሊስ ሲሪስ እናውራ

ናትስ_ከሻው | ሰኞ፣ ማርች 31፣ 2025፣ ጠዋት

ሰላም የናትስ (የዋሽንግተን ናሽናልስ ቤዝቦል ቡድን) ወገኖች። ከፊላደልፊያ ፊሊስ ጋር የነበረን የሦስት ጨዋታ ሲሪስ አለቀ። ሐሙስ 7 ለ 3 ተሸነፍን። ቅዳሜ 11 ለ 6 ተሸነፍን። ትናንት 5 ለ 1 አሸነፍን። ከሦስት አንድ ይዘን ወደ ቶሮንቶ ሄደናል።

የትናንቱ ደስ ይላል፤ እመለስበታለሁ። የሐሙሱ ግን አንጀቴን በልቶታል። እሱን ሳላወራ ማለፍ አልቻልኩም።

ፒቸራችን (ወርዋሪያችን) ማኬንዚ ጎር ስድስት ኢኒንግ (ዙር) ወረወረ። አንድ ሂት (የተሳካ ምት) ብቻ ሰጠ። አንድም ዎክ (በመጥፎ ውርወራ የሚሰጥ ነፃ ቤዝ) የለም። 13 ሰው ስትራይክ አውት አደረገ፤ መቺዎቹን ኳሷን ሳያገኙ መለሳቸው ማለት ነው። ይኼ ሁሉ በሲዝኑ የመጀመሪያ ቀን፣ ሃርፐርና ሽዋርበር ባሉበት የፊሊስ ሰልፍ ላይ ነው። በመክፈቻ ቀን ይህን ያህል ስትራይክ አውት ያደረገ የናትስ ፒቸር የለም። ከእሱ በፊት የነበረው የማክስ ሸርዘር 12 ነው፤ 2019 ላይ ሜትስን ሲገጥም። እነ ሃርፐር ባታቸውን ይዘው ሲመለሱ ያየ ሰው፣ ይህ ልጅ ሌላ ደረጃ ላይ እንደደረሰ ይገባዋል። ፈጣኗን ኳስ ወደ ላይ፣ ከርቩን (የምትታጠፈዋን) ወደ ታች። ፊሊሶች የቱን እንደሚጠብቁ አላወቁም።

በወዲያ በኩል የፊሊሱ ወርዋሪ ዛክ ዊለር ነበር። እሱን መምታት ከባድ ነው። ቢሆንም የኛው ኬይበርት ሩዊዝ ሆም ረን (አጥር የሚሻገር ምት) መታበት። ጎር ሲወጣ 1 ለ 0 እየመራን ነበር።

ከዚያ ቡልፔኑ ተከፈተ፤ ተተኪ ወርዋሪዎቹ ገቡ። ብራይስ ሃርፐር ሆም ረን መታ። ካይል ሽዋርበርም መታ። ጨዋታው ወደ 10ኛ ኢኒንግ ሄደ፤ እዚያ ጭራሽ ፈረሰብን።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ልጆቹ ደርሰዋል፤ ክለቡ ግን ለልጆቹ የሚሆን ቡልፔን አልገዛላቸውም። ኦገስት 2022 ላይ ኮከባችንን ሁዋን ሶቶን ለሳንዲያጎ ስንሰጥ «ታገሱ» ተባልን። ታገስን። በዚያ ዓመት 107 ጨዋታ ተሸነፍን፤ ታገስን። 2023 ላይ 71 አሸንፈን 91 ተሸነፍን። 2024 ላይ ቁጥሩ አንድ ሳይቀየር ተደገመ፤ እሱንም ታገስን። የታገስንላቸው ልጆች አሁን መጥተዋል። ጎር፣ ሲጄ ኤብራምስ፣ ጄምስ ዉድ፤ ሦስቱም በሶቶ ንግድ የመጡ ናቸው። ዲላን ክሩስም ደርሷል። ታዲያ ስድስት ኢኒንግ እንዲህ የወረወረ ልጅ ዳጋውት (የተጫዋቾች መቀመጫ) ተቀምጦ ጨዋታው ሲፈርስ ማየት አለበት?

ከዲሴምበር ጀምሮ የተሠራውን ደግሞ እዩ። ናትናኤል ሎውን ከቴክሳስ አመጣን። ጥሩ ነው፤ አንደኛ ቤዝ ላይ ሰው ያስፈልገን ነበር። ዋጋው ግን ሮበርት ጋርሲያ ሆነ፤ ከቡልፔናችን ጥሩ ግራኞች አንዱ። ካይል ፊኔጋን ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ እየገባ 38 ጨዋታ ዘግቶልናል። ኖቬምበር ላይ ለቀቁት፤ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ በ6 ሚሊዮን ዶላር መለሱት። ሃንተር ሃርቪን ባለፈው ጁላይ ለካንሳስ ሲቲ ሰጥተናል። በእነሱ ቦታ የገቡት በአብዛኛው የአንድ ዓመት ውል ያላቸው ናቸው። ሰዎቹን አልወቅስም፤ ያላቸውን ይወረውራሉ። የምወቅሰው ገንዘቡን የያዘውን ነው።

ትናንት እንግዲህ ሚቸል ፓርከር ነፍሳችንን መለሰልን። ይህ ልጅ ባለፈው ኤፕሪል ገና የመጀመሪያ የሜጀር ሊግ ጨዋታው ላይ ዶጀርስን በሜዳቸው ያሸነፈ ነው። ትናንትም አልተረበሸም። ስታርተሩ (ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ) ረጅም ሲሄድ ቡልፔኑ ትንሽ ሥራ ብቻ ይቀረዋል፤ ትናንት ያየነው እሱን ነው።

የእናንተን አስተያየት ልስማ። በተለይ ቅዳሜን ያየ ካለ፣ እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ግማሹ አመለጠኝ።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ ስለ ጎር ያልከው ልክ ነው። እጄ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት።

ግን እኮ ሦስት ጨዋታ ነው። 162 አለ። የ2019ን የመጀመሪያ ቅዳሜና እሁድ ታስታውሳለህ? ሜትስ ነበሩ፣ እዚሁ ሜዳችን ላይ። ሐሙስ ሸርዘር 12 ሰው መልሶ 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ ዲግሮም ነበር የገጠመን። ቅዳሜ 11 ለ 8 ተሸነፍን። እሁድ ትሬይ ተርነር በመጨረሻው ሆም ረን 6 ለ 5 አሸነፈልን። ያኔም ከሦስት አንድ። ያኔም ቡልፔኑ ገደል ነበር። ትሬቨር ሮዘንታል በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች ገብቶ አንድ ሰው እንኳ ማውጣት አልቻለም። ሜይ 23 ላይ 19 አሸንፈን 31 ተሸንፈን ነበር። ኦክቶበር 30 ላይ ሂዩስተን ውስጥ ዋንጫ አነሳን።

ስለዚህ ማርች ላይ ፍርድ አልሰጥም።

---

ናትስ_ከሻው

2019ን አንተ ስትጠራ ፊቴ ይበራል፤ ግን ከዘንድሮው ጋር አይገናኝም። ያኔ ሸርዘር፣ ስትራስበርግና ኮርቢን ነበሩን። ሬንዶን ነበረን። ሶቶ ነበረን። ኦክቶበር ላይ አሰልጣኛችን ዴቪ ማርቲኔዝ ቡልፔኑን አላመነውም፤ ስታርተሮቹን አምጥቶ ቀዳዳውን ደፈነ። ከሚልዋኪ ጋር በነበረው የዋይልድ ካርድ (የማጣሪያ) ጨዋታ ስትራስበርግ ከቡልፔን ወጥቶ ሦስት ኢኒንግ ወረወረ። በሰባተኛው የሂዩስተን ጨዋታ ኮርቢን እንደዚሁ። ዱሊትልና ሃድሰን የቀረውን ይዘጉ ነበር።

ያ ለአንድ ወር ይሠራል። ስድስት ወር አይሠራም። የ26 ዓመቱን ጎርንስ ከቡልፔን አምጥተህ ትወረውረዋለህ? አታደርገውም፤ ማድረግም የለብህም።

---

ጋሽ_ሹፌር

ልጆች፣ እንዴት ዋላችሁ። እኔ ይህን ቡድን ከ2005 ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከሞንትሪያል የመጣ ዓመት በአርኤፍኬ ስታዲየም ሲጫወቱ ሰው አመላልስ ነበር። ቤዝቦል የለመድኩት ታክሲዬ ውስጥ በሬዲዮ ነው፤ ቻርሊ ስሎውስ እየነገረኝ። እስካሁንም ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ሬዲዮውን እከፍታለሁ።

ሐሙስ ዕለት እኔ ማርቲኔዝን ብሆን ጎርን አላወጣውም ነበር። ሰባተኛው ላይ ይመለስ ነበር። አንድ ሂት የሰጠን ልጅ ለምን ታወጣዋለህ? ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሸርዘር እኮ በዚያ በሜትስ ጨዋታ ስምንተኛው ኢኒንግ ድረስ ሄዷል። «ኳሱን ስጠኝ» ሲል ዓይኑ ያስፈራ ነበር፤ አሰልጣኙ ራሱ ወደ ኋላ ይል ነበር።

---

ቁጥር_ወዳድ

ጋሼ፣ በአክብሮት አልስማማም። ጎር ሲወጣ ከ90 ውርወራ በላይ ሄዷል። ማርች ነው። ፒቸሮች በስፕሪንግ ትሬኒንግ (ከሲዝኑ በፊት ባለው ልምምድ) ቀስ በቀስ ነው ክንዳቸውን የሚያሳድጉት፤ በመጀመሪያው ጨዋታ 110 መወርወር ጉዳት ይጠራል። 13 ስትራይክ አውት ደግሞ በነፃ አይመጣም። እያንዳንዱ ቢያንስ ሦስት ኳስ ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስትና ስድስት። መሬት ለመሬት እያስመታ የሚያወጣ ፒቸር ቢሆን በዚያው ቁጥር ስምንተኛው ላይ ይደርስ ነበር። ሸርዘር ያኔ 34 ዓመቱ ነው፤ ክንዱ የለመደ።

ሌላም አለ። ሦስተኛ ጊዜ የሚያዩት መቺዎች ፒቸሩን ይለምዱታል። ሃርፐርን ሦስተኛ ጊዜ፣ በደከመ ክንድ? ማርቲኔዝ ትክክል ነበር። ጥፋቱ በሩ ሲከፈት የሚወጣው ሰው ማን ነው የሚለው ላይ ነው።

ስለ ቅዳሜም ልጨምር፤ እኔ ሙሉውን አይቼዋለሁ። ሄሱስ ሉዛርዶ ለፊሊስ የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር። በአምስት ኢኒንግ 11 ሰው መለሰብን። ይህ ልጅ የማን እንደነበር ታስታውሳላችሁ? የኛ ነበር! 2016 ላይ በድራፍቱ (በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ) በሦስተኛው ዙር የመረጥነው እኛ ነን። ጁላይ 2017 ላይ ቡልፔናችን ሲፈርስ ለኦክላንድ ሰጥተነው ሾን ዱሊትልንና ራያን ማድሰንን አመጣን። ብሌክ ትራይነንም አብሮ ሄደ። ትራይነን በቀጣዩ ዓመት ኦክላንድ ውስጥ ኦል ስታር ሆነ።

ንግዱ መጥፎ ነበር አልልም። ያለ ዱሊትል 2019 የለም። አሁንም ከአሰልጣኞቹ ጋር ይሠራል፤ እሱን ዳጋውት አካባቢ ሳየው ደስ ይለኛል። ግን የናትስ_ከሻው ነጥብ በትክክል እዚህ ላይ ነው ያለው። ዲሴምበር ላይ በገንዘብ ያልተገዛ ቡልፔን፣ ጁላይ ላይ በልጅ ይገዛል። ያንን ልጅ ደግሞ ቅዳሜ ዕለት ቀይ የፊሊስ ማልያ ለብሶ አየሁት።

---

ናትስ_ከሻው

ስለ ሉዛርዶ ይህን ጠቅልዬ ረስቼው ነበር። አመሰግናለሁ። እስቲ ደምሩት፦ ሃርፐር የኛ ነበር። ተርነር የኛ ነበር። ሽዋርበር ለግማሽ ዓመት የኛ ነበር። ሉዛርዶም የኛ። ከእኛ ዘንድ የወጣው ሁሉ አንድ ቤት ገብቶ ተሰብስቧል።

---

የዉድ_እናት_አይደለሁም

ስሜን አይታችሁ እንዳትደነግጡ፣ ልጄ ነው ያወጣልኝ። 10 ዓመቱ ነው። ጄምስ ዉድን ከመውደዱ የተነሳ 29 ቁጥርን እንደ ታቦት ይዟታል። ዉድ ሮክቪል ነው የተወለደው፣ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ሃይስኩል ዲሲ ውስጥ ሴንት ጆንስ ተምሯል። ቁመቱ ሁለት ሜትር ነው። ልጄ ከበር ጀርባ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ቁመቱን እየለካ ነው የሚኖረው።

ትናንት ገብር ኄር ነበር። ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ቤት ገብተን ነጠላ ቀይረን፣ በግሪን ላይን ወረድን። ጾም ስለሆነ ኦቾሎኒና ድንች ጥብስ ነው የበላነው። ምንም አልጎደለብንም። ልጄ ስለ ቡልፔን ግድ የለውም። «እማ፣ አሸነፍን» እያለ ኔቪ ያርድ ጣቢያ ድረስ ዘለለ።

እኔ ግን ግድ አለኝ። ለምን ብትሉ፣ ልጄ የሚወዳቸውን እነዚህን ልጆች ውል ሲያልቅ የት እንደማያቸው እፈራለሁ። ሃርፐር ሲሄድ የታላቅ ወንድሜ ልጅ ማልያውን ለብሶ ነበር፤ ማልያው ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ። ልጄ ላይ ይህ እንዲደርስ አልፈልግም። እነ ዉድ እዚህ መቆየት የሚፈልጉት ቡድኑ ለማሸነፍ እንደሚሠራ ሲያዩ ነው። ጎር ሐሙስ ዕለት ያየውን አይረሳም።

---

ኑር_አሌክሳንድሪያ

ኢድ ሙባረክ ለሁላችሁም። እኔም ትናንት ነበርኩ። ጠዋት ሰላት ሰግደን፣ ዘመድ ጠይቀን፣ ከሰዓት ከወንድሞቼ ጋር ሜዳ ገባን። ሐሙስ ዕለት ግን ጾመኛ ሆኜ ነው ከሥራ በስልኬ የተከታተልኩት። 10ኛው ኢኒንግ ላይ አሌክ ቦም ሲመታ ስልኩን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

አንድ ሐሳብ አለኝ። የ10ኛ ኢኒንግ ሕግን አትርሱ። ከ2020 ጀምሮ ተጨማሪ ኢኒንግ ሁለተኛ ቤዝ ላይ በተቀመጠ ሯጭ ነው የሚጀምረው። ይህ ሕግ ደካማ ቡልፔን ያለውን ይቀጣል። ድሮ ተጨማሪ ኢኒንግ ላይ መካከለኛ ፒቸርም አንድ ሂት ሰጥቶ ሊያመልጥ ይችል ነበር። አሁን አንድ ሂት ማለት አንድ ነጥብ ነው። የሚያስፈልግህ ስትራይክ አውት የሚያደርግ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ርካሽ አይደለም።

---

ሰሚት_አዲስ_አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። የአክስቴ ልጅ ዲሲ ስላለች በእሷ ምክንያት ማየት ጀምሬአለሁ። እሁድ ማታ የተወሰነውን አይቻለሁ። ይቅርታ፣ ቡልፔን የምትሉትን በደንብ አልገባኝም። ስታርተሩ ጥሩ እየወረወረ ከሆነ ለምን ይቀየራል? ደግሞ 162 ጨዋታ ማለት በየቀኑ ማለት ነው?

---

ኑር_አሌክሳንድሪያ

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። አዎ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ። ከአንድ ቡድን ጋር ሦስት ወይም አራት ቀን ተከታታይ ትጫወታለህ፤ ሲሪስ የምንለው እሱን ነው። ከዚያ ሻንጣ ይዘህ ወደ ሌላ ከተማ።

ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር ስታርተር ይባላል። ክንዱ ስለሚጎዳ አምስት ሰዎች በየተራ ነው የሚወረውሩት። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ ነው። ስታርተሩ አምስት ወይም ስድስት ይሄዳል። የቀረውን ሦስት የሚጨርሱት ከሜዳው ጥግ አጥር ጀርባ የሚያሟሙቁት ናቸው። ቦታውም፣ ሰዎቹም ቡልፔን ይባላሉ። ማራቶን እንደምታይ አስበው፤ 35 ኪሎ ሜትር ድረስ የመራህ ሯጭ የመጨረሻዋ ሰባት ላይ ሲቀደም ማለት ነው። ሐሙስ የሆነብን እሱ ነው።

---

ሰሚት_አዲስ_አበባ

ማራቶኑን ስትል ገባኝ። የልብ ስብራቱም ገባኝ። አመሰግናለሁ።

---

ፊላደልፊያዊ

እናንተ ቤት የገባሁት በሰላም ነው። ዌስት ፊላደልፊያ ነኝ፣ ፊሊስን ነው የምደግፈው። ሐሙስ ዕለት መኪና ነድተን መጥተን ነበር።

ጎርን አከብረዋለሁ። እኛ ዘንድ የነበሩት ሁሉ ዝም ብለው ነበር። የተናገርነው እሱ ከወጣ በኋላ ነው። አጠገቤ የነበረ አንድ የናትስ ደጋፊ ጎር ሲወርድ «አሁን ነው የምፈራው» አለኝ። የፈራው ደረሰ።

ስለ ቡልፔን የምትሉትን በደንብ አውቀዋለሁ። 2020 ላይ የኛ ቡልፔን በሊጉ የመጨረሻው ነበር። መሪነት እየያዝን ስንጥለው ከረምን፣ ፕሌይኦፍም አመለጠን። ባለቤታችን ጆን ሚድልተን ገንዘብ አውጥቶ ቀስ በቀስ ነው ያስተካከለው። 2022 ላይ ዎርልድ ሲሪስ ደረስን። ይስተካከላል። ግን ሰው መክፈል አለበት።

አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ። ሃርፐርን እስካሁን ትጮሁበታላችሁ። ስድስት ዓመት አለፈው እኮ።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እንኳን ደህና መጣህ። ስለ ሜዳው ግን አንተም እውነቱን ተናገር፤ ሐሙስ የኛን ሜዳ ግማሹን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። ድሮም እንደዚህ ነው። 2012 ላይ ክለባችን ለአንድ የሜይ ሲሪስ ትኬቱን መጀመሪያ ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ነዋሪ ብቻ እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር፤ ፊሊሶች እንዳይሞሉት ብሎ። ያ ዓመት ነው ሃርፐር ወደ ሜጀር ሊግ የመጣው። የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ምድባችንን አሸነፍን። ከዚያ በኋላ ሜዳው የኛ ሆኖ ነበር፤ አሁን እንደገና አስረከብነው። ማሸነፍ ስትጀምር ሰውህ ይመጣል። ስትሸነፍ ጎረቤት ወንበርህን ይገዛል።

ሃርፐር ላይ እጮሃለሁ፣ እቀጥላለሁም። የሄደው ወደ ሎስ አንጀለስ ቢሆን አልጮህም ነበር። እዚሁ ምድብ ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል በመኪና በሚደረስበት ከተማ ነው የገባው። በዓመት ስንት ጊዜ እየመጣ ሆም ረን ይመታብናል።

---

ጋሽ_ሹፌር

እኔ አልጮህበትም። ገና ልጅ ሆኖ መጥቶ እዚህ ነው ያደገው። 2015 ላይ በእኛ ማልያ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኗል። ሰባት ዓመት የሰጠህን ሰው፣ ሌላ ቤት ስለከፈለው መስደብ ደስ አይለኝም። 13 ዓመት በ330 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጡህ አልፈልግም የሚል ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ሽዋርበርንማ እንዴት እጠላዋለሁ? ጁን 2021 ላይ በ18 ጨዋታ 16 ሆም ረን ሲመታ በታክሲዬ ውስጥ ነበርኩ። ተሳፋሪው «እዚህ አቁምልኝ» ሲለኝ «ትንሽ ቆይ፣ ሽዋርበር ሊመታ ነው» ብዬ ያስጠበቅኩበት ቀን አለ። ተሳፋሪውም ጠበቀ። ሒሳቡን ዘግቼ ነው የጠበቅነው፣ እንዳትሳሳቱ።

ከዚያ እግሩን አመመው፣ በጁላይ መጨረሻ ለቦስተን ሰጡት። በማግስቱ ሸርዘርና ተርነር ወደ ዶጀርስ ሄዱ። ያን ቀን ሬዲዮውን ዘጋሁት። በእነሱ የመጣው ልጅ ሩዊዝ ነው፤ እሱ ሐሙስ ዊለር ላይ ሲመታ ግን ተነስቼ አጨበጨብኩ። ከዚያ ንግድ የሆነ ነገር ሲተርፍ ማየት ደስ ይላል።

ቁጥር ወዳድ፣ ስለ ጎር ያልከውን አሰብኩበት። በክንዱ ጉዳይ ልክ ነህ ልበል። ስትራስበርግን አይተናል። ከዎርልድ ሲሪስ ምርጥነት በኋላ 245 ሚሊዮን ፈርሞ ስንት ጊዜ ወረወረ? ስምንት ጨዋታ ብቻ። ክንድ ከባድ ነገር ነው። ያም ሆኖ ሰባተኛው ላይ የመጀመሪያውን አንድ ሰው ብቻ ቢወረውርለት ምን ነበረበት እላለሁ።

---

ቁጥር_ወዳድ

ጋሼ፣ እርስዎ በዚህ ካለፉልኝ እኔም በአንዱ ሰው እስማማለሁ። ለአንድ ሰው ይመለስ ነበር።

---

የዉድ_እናት_አይደለሁም

ስለ ገንዘብ ስታወሩ አንድ ነገር አለ። በዚህ ወር መጀመሪያ ላይ ከባልቲሞር ጋር የነበረው የቴሌቪዥን ክርክር አልቋል ተብሏል። ያ ክርክር ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀ ነው። ናትስ የቴሌቪዥን ገንዘባችን ታሰረ ሲሉ ነው የኖሩት። አሁን ከዚህ ዓመት በኋላ ነፃ ናቸው። ታዲያ የሚቀጥለው ዲሴምበር ምን ምክንያት ይቀርባል? እኔ እሱን ነው የምጠብቀው።

---

ናትስ_ከሻው

እህቴ፣ የኔንም ሐሳብ ቋጨሽው። የቡድኑ ባለቤት የለርነር ቤተሰብ ሲፈልግ ለዚህ ቡድን ገንዘብ ማውጣት እንደሚችል አሳይቶናል። ሸርዘርን በ2015 በ210 ሚሊዮን ያመጡት እነሱ ናቸው። ኮርቢንን በ140 ሚሊዮን ያመጡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ «አይችሉም» አልልም። ይችላሉ። አሁን ደግሞ ጊዜው ነው፤ እነዚህ ልጆች ርካሽ የሚሆኑት ለጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ጎር ከ2027 ሲዝን በኋላ ነፃ ሆኖ ወደ ፈለገው ቡድን መሄድ ይችላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሦስት ጨዋታ ፍርድ አልሰጠሁም። ምድባችንን እናሸንፋለን ብዬም አልጠብቅም። የምፈልገው ስድስት ኢኒንግ ያሸነፍነውን ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ ድረስ እንድናሸንፈው ነው።

ፊላደልፊያዊ፣ ስለ መጣህ አመሰግናለሁ። ሁልጊዜ ና።

---

ፊላደልፊያዊ

እመጣለሁ። እናንተም ወደኛ ስትወርዱ አሳውቁኝ፣ ባልቲሞር አቬኑ ላይ ከጾም ውጪም በጾምም የሚሆን ጥሩ እንጀራ አለ።

---

ኑር_አሌክሳንድሪያ

ቶሮንቶ ሦስት ጨዋታ ነው፤ ከዚያ ዓርብ ኤፕሪል 4 አሪዞና እኛ ዘንድ ይመጣል። የጎር ተራ በዚህ ሳምንት ቶሮንቶ ላይ ይደርሳል። ቅዳሜ ለአሪዞና አራት ትኬት ልገዛ ነው። ጋሼ፣ አንዱን ለእርስዎ ልያዝ? ሬዲዮዎን ይዘው ይምጡ፣ በጆሮ ማዳመጫ እያዳመጡ ያያሉ።

---

ጋሽ_ሹፌር

ቅዳሜ እስከ 8 ሰዓት ሥራ ነኝ። ከዚያ በኋላ ከሆነ ያዝልኝ ልጄ። ሦስተኛ ቤዝ በኩል ይሁን፣ የቤዝ ሩጫውን ከዚያ ነው በደንብ የማየው። ብሩን እዚያው እሰጥሃለሁ፤ አልቀበልም እንዳትለኝ።